ጅቡቲ ማንን ታስቀድም? ባለ ጦር ሰፈሮቹን ወይስ ጎረቤቷን?

መነሻ ጥያቄ፦
ጅቡቲ 1 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር ናት። አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ቻይና፣ ጃፓንና ጣሊያን እዚያ የጦር ሰፈር አላቸው። ከጎኗ ደግሞ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዛ የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ አለች። የሁለቱ ወገን ፍላጎት ሲጋጭ ጅቡቲ ወዴት ታድላ?

ድሬ ልጅ፦
ወደ ጎረቤት። የጅቡቲ ከተማን አንድ ቀን ተመልከቱ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ማቀዝቀዣውን የሚያሠራው መብራት በብዛት ከእኛ የሚሄድ ነው። ውኃ ከሶማሌ ክልል በቧንቧ ይገባል። ጫቱ በየቀኑ ከእኛ ነው የሚሄደው፤ መኪናው ሲዘገይ ከተማው በሙሉ ሰዓት ማየት ይጀምራል። ፕሬዚዳንት እስማኤል ዑመር ጌሌ ራሳቸው የተወለዱት ድሬዳዋ ነው። አሜሪካ በ2006 ዓ.ም. ባደሰችው ውል ለጦር ሰፈሯ ለካምፕ ሌሞኒየር በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማማች። ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን ከኢትዮጵያ ጭነት የሚገኘው ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ቀይ ባሕር፦
ወንድሜ፣ አንተ የምታወራው ስለ ገቢ ነው፤ ጉዳዩ ግን የህልውና ነው። ጅቡቲ በሰኔ 1969 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ በሶማሊያ ባንዲራ ላይ ካለው፣ አምስቱን የሶማሌ ምድሮች ከሚወክለው ኮከብ አንዱ ጫፍ እሷ ነበረች። ወር ሳይሞላ በሶማሊያና በኢትዮጵያ መካከል የኦጋዴን ጦርነት ተፋፋመ። ሁለቱ ጎረቤቶቿ ደጃፏ ላይ ሲዋጉ አገሪቱ ገና አራስ ናት። የፈረንሳይ ጦር እዚያው ባይቆይ ምን ይገጥማት ነበር? በሰኔ 2000 ዓ.ም. ደግሞ ድንበሯ ራስ ዱሜራ ላይ ከኤርትራ ጋር ተታኮሰች። ያኔም ፈረንሳይ ናት በስንቅና በሕክምና የደረሰችላት። ለትንሽ አገር ጎረቤት ሁሌም ዘመድ አይደለም።

የጋላፊ ሹፌር፦
እኔ ያየሁትን ልናገር። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በአፋርና በሶማሌ ግጭት ሰበብ መንገዱም ባቡሩም ተዘጋ። እኛ መንገድ ላይ ቆመን ቀረን። ወደብ ላይ ዕቃ ይጠብቀናል፣ ባለ ዕቃው በስልክ ይጮህብናል። ያን ጊዜ ጅቡቲ ውስጥ አምስት አገር ጦር ነበረው። መንገዱን ያስከፈተ ግን አንድም የለም። ሊያስከፍትም አይችልም። ያን የሚፈታው የዚህ አገር ሰውና የዚያ አገር ሰው ቁጭ ብሎ ሲነጋገር ነው።

አስመጪዋ፦
ጋሼ፣ ልክ ብለዋል። እኔ ያልገባኝ ግን ሁላችሁም ኃያሉንና ጎረቤቱን ለየብቻ ማስቀመጣችሁ ነው። መስከረም 2009 ላይ የተመረቀውን ባቡር ተመልከቱ። ጅቡቲን ከእኛ ጋር ያስተሳሰረው እሱ ነው። ገንዘቡ በብዛት ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር መጣ፣ የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 2009፣ ቻይና ከአገሯ ውጭ የመጀመሪያዋን የጦር ሰፈር እዚያው ጅቡቲ፣ ዶራሌ ወደብ አጠገብ ከፈተች። ታዲያ ባቡሩ የጎረቤት ነው ወይስ የኃያል? የሁለቱም ነው። ስለዚህ ጥያቄው ጅቡቲ በአንዱ እጇ የያዘችው ሌላውን እንዳያስኮርፍባት እንዴት ትጠንቀቅ የሚል መሆን አለበት።

አንዴ ሳትጠነቀቅ የቀረች ይመስለኛል። የካቲት 2010 ላይ የዶራሌን የኮንቴይነር ተርሚናል ከዱባዩ የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድ ነጠቀች። ሉዓላዊ መብቴ ነው አለች፤ ስሜቱ ይገባኛል። ዲፒ ወርልድ ግን የሶማሊላንዱን የበርበራ ወደብም ይዞ ነበር። ሳምንት ገደማ ቆይቶ ኢትዮጵያ በበርበራ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ እንደምትይዝ ተነገረ። ድርሻው በኋላ አልጸናም። ቢሆንም ጅቡቲ ከአንድ ባለሀብት ጋር የገባችበት ጠብ ከዋና ደንበኛዋ ጋር በአንድ ሳምንት ሲነካካ አይተናል።

ቀይ ባሕር፦
እህቴ፣ በርበራን ያነሳሽው ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ታኅሣሥ 2016 ላይ ኢትዮጵያ የባሕር በር ለማግኘት ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመች። ጅቡቲን ያማከራት አለ? ጎረቤት እንዲህ በአንድ ቀን አቅጣጫ ሲቀይር ባለ ጦር ሰፈሮቹ ባይኖሩ ምን ይዛ ትደራደር ነበር?

ድሬ ልጅ፦
የታጁራ ወደቧን ይዛ! ነሐሴ 2016 ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ታጁራን ኢትዮጵያ እንድታስተዳድር ሐሳብ ያቀረቡት ለዚህ አይደል? ቅር የሚለኝ መዘግየቱ ነው። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ አሰብ ሲዘጋብን ጭነታችን ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ይህ ሐሳብ የት ነበር? ለጦር ሰፈር የዓመታት ውል ትፈርማለች፤ ከእኛ ጋርም ዋጋውና ዘመኑ የታወቀ ረጅም ውል ትፈርም። ያን ጊዜ አዲስ አበባም በየጊዜው ሌላ ወደብ ማማተሯ ይቀንሳል።

የጋላፊ ሹፌር፦
በድንበሩ በባልሆ በኩል ወደ ታጁራ የሚወስደው አስፋልት አለ። ወደቡም አለ። የጎደለው አንተ ያልከው ውል ነው። ሲፈርሙ የሹፌሩን ቪዛና የመኪና ማቆሚያውን አይርሱ። እዚያ ሙቀት ውስጥ መኪና ሥር ተኝቶ ተራ የሚጠብቀው የእኛው ልጅ ነው።