ሃያ ብር ወይስ በነጻ? በሴቶች ኳስ ደጋፊዎች መካከል የተነሳ ክርክር

አስተባባሪ፦
ባለፈው እሑድ ስታዲየም በር ላይ የጀመርነው ጭቅጭቅ እዚህ ይቀጥል። ላልነበራችሁ፦ አንድ የክለብ ሰው "ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ ለሴቶች ጨዋታ 20 ብር ልናስከፍል አስበናል" አለን። ግማሻችን "ደግ አደረጋችሁ" አልን። ሌላው "ያለነውንም ልታባርሩን ነው" ብሎ ጮኸ። በእረፍት ሰዓት ሰው ቆጥሬ ነበር። 63 ነን። ከዚያ ውስጥ 11ዱ ኳስ አቀባይ ልጆች ናቸው።
እንክፈል ወይስ በነጻ ይቀጥል? ኪሱ የሳሳ ደጋፊስ በምን ያግዝ? ስድብ የለም። የሰደበ ይወጣል።

ካታንጋ፦
ይከፈል! ምን ያከራክራል? እኔ ስሜን ያወጣሁት ከቆምኩበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ በሚባለው የተመልካች ቦታ ላይ ዝናብ እየዘነበብኝ፣ ፀሐይ እየመታኝ ነው ያረጀሁት። አንድም ቀን በነጻ አልገባሁም። ሰው የከፈለበትን ነገር እስከ መጨረሻው ያያል። በነጻ የገባ 60ኛው ደቂቃ ላይ ስልኩን እያየ ይወጣል።
ደግሞ 20 ብር ምንድን ነው? ዲኤስቲቪ ቤት ገብተህ አርሰናልን ለማየት ከዚያ በላይ ትከፍላለህ። ወንበር እንኳ ላይደርስህ ይችላል። ማኪያቶው ለብቻው ነው።

የሰፈሩ አርሰናል፦
ጋሼ፣ አርሰናልን ለቀቅ ያድርጓት።

ሚስማር ተራ፦
አንለቅም። አንተ ልጅ፣ የአርሰናል ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2025 ሊዝበን ላይ ባርሴሎናን 1 ለ 0 አሸንፈው የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነዋል። በ2007ም ወስደውታል። የናንተ ወንዶች ያን ዋንጫ አንዴም አልነኩትም። ጨዋታውን አይተኸዋል?

የሰፈሩ አርሰናል፦
...ውጤቱን አይቻለሁ።

መምህርት፦
እኔ በነጻ ይሁን ባይ ነኝ። ካታንጋ፣ እርስዎ የሚያወሩት ስለ ራስዎ ኪስ ነው። እኔ የማወራው ስለ ተማሪዎቼ ነው። ባለፈው ወር 14 ልጃገረዶች ይዤ መጥቻለሁ። ሁለት ታክሲ ነው፤ ደርሶ መልስ አራት። ከወላጅ ለምኜ፣ የራሴን ጨምሬ ነው የደረስነው። በዚያ ላይ በነፍስ ወከፍ 20 ብር ቢጠየቅ እኔ ራሴ እቀር ነበር።
ግን ያን ቀን ምን ሆነ መሰላችሁ። አንዷ፣ 12 ዓመቷ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ቲቸር፣ እነዚህ ደመወዝ አላቸው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "በየወሩ?" አለች። በየወሩ። ከዚያ በኋላ ዐይኗን ከሜዳው አልነቀለችም። ይህቺን ልጅ በር ላይ በ20 ብር ልታስቀሯት ነው?

ካታንጋ፦
ተማሪ በነጻ ይግባ። እሱን ማን ተቃወመ?

መምህርት፦
አሁን ገና ነው ያሉት!

ሒሳብ ሠራተኛው፦
እስቲ ቁጥር ላይ እንምጣ። ሙያዬ ነው። ከ63ቱ ኳስ አቀባዮቹን ቀንሱ፣ 52። በ20 ብር ሲባዛ 1,040 ብር። ትኬት ማሳተሚያ፣ በር ላይ ለሚቆመው ሰው አበል፣ ለጥበቃ ስትሉ ክለቡ ከኪሱ ይጨምራል። ይህ ገንዘብ የቡድኑን አውቶቡስ ከከተማ አያስወጣም። ስለዚህ "ከፍለን ክለቡን እንርዳ" የሚለው ወሬ ለጊዜው ወሬ ብቻ ነው።
የኛ አገር ክለብ በትኬት አይኖርም። የወንዶቹም አይኖርም። አብዛኛው የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። ሀዋሳ፣ አዳማ፣ አርባ ምንጭ፣ ድሬዳዋ ስትሉ ከጀርባ ያለው ከተማው ነው። ንግድ ባንክ ስትሉ ባንኩ ነው። መቻል መከላከያ ነው። የወንዶቹ ሊግ ቢያንስ ከ2013 ጀምሮ የዲኤስቲቪ ገንዘብ አግኝቷል፣ የራሱ አክሲዮን ማህበርም አለው። የሴቶቹ ሊግ ያን ዓይነት የቴሌቪዥን ውል የለውም።
እና በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ማን ነው? ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደደቢትን አስታውሱ። የሴቶች ቡድኑ ዋንጫ የለመደ፣ ሎዛ አበራን የመሰለ አጥቂ ያሰለፈ ነበር። ዛሬ የት አለ?
ስለዚህ የኛ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። በጀት የሚያጸድቁት ሰዎች ባዶ ወንበር ካዩ "ማን ያየዋል?" ብለው ይዘጉታል። 2,000 ሰው የተቀመጠበትን ፎቶ ካዩ ለመዝጋት ያፍራሉ። የሚፈሩት ሕዝብ ነው። 1,040 ብር አያስፈራቸውም።

ካታንጋ፦
ታዲያ ያ 2,000 ሰው በነጻ ሲከፈት ለምን አልመጣም? ይኸው በነጻ ነው። 63 ነን!

ሒሳብ ሠራተኛው፦
ምክንያቱም ጨዋታው ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ይደረጋል! ያለፈው እሑድ መዋሉ በአጋጣሚ ነው። ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ተማሪው ክፍል ነው። መርሃ ግብሩን የምንሰማውም በዋዜማው ነው።

ሚስማር ተራ፦
እዚህ ላይ ሒሳብ ሠራተኛው ልክ ነው። ዋጋው አይደለም ችግሩ፣ ወሬው አለመድረሱ ነው። ነሐሴ 2016 ትዝ ይላችኋል? የሴካፋ፣ ማለትም የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዞን፣ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ እዚሁ አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ተደረገ። ንግድ ባንክ በፍጻሜው የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸንፎ ሞሮኮ ሄደ። በዚያ ሳምንት ሰፈሬ ውስጥ አሥር ሰው ጠይቄ ሦስቱ ብቻ ናቸው ጨዋታ መኖሩን የሚያውቁት። ሦስተኛው እኔ የነገርኩት ነው።
የኔ ድጋፍ ምን መሰላችሁ? ከሜዳ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ጎል ከሆነ ጎል፣ ካልሆነ ጥሩ ቅብብል። ስሟን፣ ቁጥሯን፣ ክለቧን ጽፌ ቲክቶክ ላይ እለቃለሁ። የዳታ ብቻ ነው ወጪዬ። አንዱ ቪዲዮ ከልጅቷ አገር ሰዎች ዘንድ ደርሶ አጎቷ "የእኛ ልጅ ናት እንዴ!" ብሎ ጻፈልኝ። ቡድን ውስጥ መሆኗን እንጂ እንዲህ መጫወቷን አያውቅም ነበር።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ከዲሲ ዳርቻ ነው የምጽፈው። እዚህ ሎዛ አበራ እ.ኤ.አ. በ2024 ለዲሲው የሴቶች ክለብ ለዲሲ ፓወር ስትፈርም ሐበሻው ስልክ በስልክ ሆነ። ኦዲ ፊልድ ስታዲየም ሄደን አይተናታል። ከማልታው ቢርኪርካራ እስከ አዳማ፣ ንግድ ባንክ ድረስ ስሟን ስንሰማ ኖረን በዐይናችን ስናያት ሌላ ነገር ነው። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ፈረንጆች "ያቺን ስሟን የምትጠሯትን የት ነው የምታውቋት?" አሉን። ሰፈር ልጃችን ናት አልናቸው። ከትውልድ ከተማዋ ከዱራሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ምን ያህል እንደሚርቅ ማን ይጠይቀናል።
እዚህ ሁላችንም ትኬት ከፍለን ነው የምንገባው። ግን አገር ቤትም ከዚህ ሆኜ ማገዝ ስለምፈልግ ዘንድሮ ስመጣ ግማሽ ሻንጣ ታኬታ ይዤ መጣሁ። የልጆቼና የጎረቤት ልጆች ያረጀባቸው፣ ግን ደህና ነው። ለአንድ የሰፈር ፕሮጀክት፣ ለታዳጊዎች ቡድን፣ ሰጠሁ። አሰልጣኙ አመሰገነኝ። በኋላ ስሰማ ግማሹ 43 እና 44 ቁጥር ነው። ልጃገረዶቹ 37 ነው የሚለብሱት!

ሚስማር ተራ፦
ሁለት እግር በአንድ ታኬታ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሳቁ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ተምሬያለሁ። መጀመሪያ ለአሰልጣኟ እደውላለሁ። የሴት አሰልጣኝ ከሆነች ይበልጥ ጥሩ ነው፣ ሳታፍር ትነግርሻለች። ያለችኝ ዝርዝር ምን መሰላችሁ? 36፣ 37፣ 38 ታኬታ። የስፖርት ጡት መያዣ። ሞዴስ። ሦስተኛውን ስትል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። በወር አራት ቀን ልምምድ የሚቀሩ ልጆች አሏት፣ ምክንያቱም ይሄ ብቻ ነው።

መምህርት፦
ይህን ነው ማለት የምፈልገው። አንድ እሽግ ሞዴስ ለብዙዎቻችሁ የሁለት ማኪያቶ ዋጋ ነው። ወንዶች ሆይ፣ ሱቅ ገብታችሁ ግዙ፤ አይናከስም።

የሰፈሩ አርሰናል፦
እኔ ማልያ ልግዛ ብዬ ነበር። ይቆጠራል?

ሒሳብ ሠራተኛው፦
ከየት እንደገዛኸው ነው። መርካቶ የምታገኘው አስመስሎ የተሠራ ከሆነ ክለቡ አምስት ሳንቲም አያገኝም። እንደ ጎፈሬ ያሉ የአገር ውስጥ አምራቾች የክለብ ማልያ ይሠራሉ። ከክለቡ ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፣ ካላቸው ከነሱ ግዛ። ከሌላቸውም መጠየቅህ ራሱ አንድ ነገር ነው። "ሰው የሴቶቹን ማልያ ፈልጎ መጣ" ተብሎ ይወራል።

የሰባተኛዋ እናት፦
ልጆቼ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። የምጽፈው በልጄ ስልክ ነው፣ ስህተት ካለ ይቅርታ። 7 ቁጥር የኔ ናት። የቱ ክለብ እንደሆነ አልልም፣ ትቆጣኛለች።
ስለ 20 ብር ትጨቃጨቃላችሁ። እኔ ግን ስታዲየም የምቀርበት ምክንያት ሌላ ነው። መጸዳጃ ቤት። አንዱ ሜዳ ላይ የሴቶች የሚባለው ተቆልፎ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ውሃ ሳልጠጣ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ስድብ ነው። ከኋላዬ የተቀመጡ ልጆች ስለ ተጫዋቾቹ ገላ የሚናገሩትን ብነግራችሁ ታፍራላችሁ። እናቷ ፊት ለፊታቸው መቀመጧን አያውቁም። ዞር ብዬ "የኔ ልጅ ናት" አልኳቸው። አንዱ ቦታ ቀየረ። ሌላው "ይቅርታ እማማ" አለና ቀጠለ።
ገንዘብ የሌላችሁ እንዴት እናግዝ ካላችሁ፣ አጠገባችሁ የሚሳደበውን ዝም በሉ በሉልኝ። ይኸው ነው። ምንም አያስከፍልም።

አስተባባሪ፦
እትዬ፣ ይህን ስለጻፉልን እናመሰግናለን።

ካታንጋ፦
እውነታቸውን ነው። እኔም ሰምቼ ዝም ያልኩበት ቀን አለ። ይህን ማመን ነበረብኝ።
ክፍያው ላይ ግን ሐሳቤን አልቀይርም። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1920፣ የገና ማግስት፣ ጉዲሰን ፓርክ ላይ የዲክ ኬር ፋብሪካ ሴቶች ሲጫወቱ 53,000 ሰው ገብቷል። ከፍሎ ነው የገባው። ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ሄደ። በዓመቱ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር ሴቶቹን ከአባል ክለቦቹ ሜዳዎች አገደ። እገዳው 50 ዓመት ቆየ። "ሴቶችን ማን ከፍሎ ያያል?" የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አስቡት። ሰው ይከፍል ነበር። የከለከሉት ሌሎች ናቸው።

መምህርት፦
ጥሩ ታሪክ ነው። ግን ለእኔ ነው የሚያደላው ጋሼ። 53,000 ሰው የመጣው ጨዋታውን ስላወቀና በዓል ቀን ስለነበር ነው። ሞሮኮም እ.ኤ.አ. በ2022 የአፍሪካ ዋንጫን ስታዘጋጅ ለሴቶች ጨዋታ ራባት ላይ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ገብቷል። መጀመሪያ ልማዱ ይምጣ። ከዚያ እናስከፍል።

ካታንጋ፦
ልማድ ሲከፈልበት ነው ልማድ የሚሆነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦
መሀል ላይ ልግባ? ትኬት ይቆረጥ፣ ግን ዋጋው ዜሮ የሆነም ይኑር። ተማሪና ሴቶች በነጻ፣ ግን ትኬት ይዘው። ሌላው 20 ብር። ያኔ ቁጥሩ በወረቀት ይቀመጣል። ክለቡ ስፖንሰር ሲጠይቅ "ይህን ያህል ሰው መጥቶልናል" ይላል። አሁን ያለን ማስረጃ አስተባባሪው በጣቱ የቆጠረው ነው።

ሚስማር ተራ፦
ሴቶች በነጻ ሲባል እንደ ጭፈራ ቤት ሆነ እንዴ?

መምህርት፦
ይህን አልወደድኩትም። ቀልዱንም፣ ሐሳቡንም። አዋቂ ሴት ካላት ትክፈል። የኔ ጥያቄ ለተማሪ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦
እሺ፣ ተማሪ ብቻ። "ሴቶች" የሚለውን አንስቻለሁ።

ካታንጋ፦
በዚህ እስማማለሁ። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የሁለት ሰው ከፍዬ አንዱን በር ላይ ለቆመ እተዋለሁ። ብር ስለተረፈኝ እንዳይመስላችሁ፣ ጡረተኛ ነኝ። አንድ ቀን ጫት ትቼ ነው።

የሰፈሩ አርሰናል፦
አንድ ቀን ብቻ ጋሼ?

አስተባባሪ፦
ለክለቡ የምናቀርበው ይህ ይሁን፦ የተማሪ ትኬት በነጻ፣ ሌላው 20 ብር፣ መርሃ ግብሩ ከሦስት ቀን በፊት ይነገር፣ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ቁልፍ በር ላይ ካለው ጥበቃ ጋር ይቀመጥ። መምህርት ግን ልማዱ ሳይመጣ ማስከፈሉን አሁንም አልተቀበለችም፤ እሱንም እጽፋለሁ።
የፊታችን ቅዳሜ 8 ሰዓት ጨዋታ አለ። ለጊዜው በነጻ ነው። ከበሮ ያለው ይያዝ። ፀሐዩ ከባድ ስለሆነ ኮፍያ አትርሱ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሚስማር ተራ፣ ቪዲዮውን በቀጥታ አስተላልፍልኝ። እዚህ ገና ማለዳ ነው፣ ግን እነሳለሁ።

የሰባተኛዋ እናት፦
ቅዳሜ የኔዋ ተቀያሪ ናት አሉኝ፣ ጉልበቷን አሟታል። ቢሆንም እመጣለሁ። እናንተም ስሟን ባታውቁት 7 ቁጥር ብላችሁ ጥሯት። ጠርዝ ላይ ሲያሟሙቁ ይሰማቸዋል።