የፕሮሰሰሩ ሜትር ገና አረንጓዴ ነው፤ የአምፑ ክሊፕ ለምን ይበራል?

ጠያቂ፦
ሰላም። ያለኝ ባለ 2 ኢንፑት፣ ባለ 6 አውትፑት የድምፅ ፕሮሰሰር (ድምፁን ለየስፒከሩ የሚከፋፍል መሣሪያ) ነው፤ ቤዝ፣ ሚድና ሃይ ለየብቻ ይወጣሉ። ሙዚቃው ሲጠነክር የቤዙ አውትፑት ሜትር -10 ላይ ነው፣ ቀይ አይነካም። የአምፑ ክሊፕ መብራት (አምፑ ከአቅሙ አልፎ ድምፁ ሲቆረጥ የሚበራው) ግን ይበራል። የቤዙን አውትፑት 6 ዲቢ ስቀንስ መብራቱ ይጠፋል፤ ቤዙ ግን ይሳሳል። ሚዱ ደግሞ አውትፑቱን ምንም ያህል ባወርደው ይሻክራል። የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ አውትፑት +20 ዲቢዩ (የሲግናል ቮልቴጅ መለኪያ)፣ የአምፑ ሴንሲቲቪቲ (ሙሉ ኃይሉን የሚያወጣበት የኢንፑት መጠን) 1.4 ቮልት ነው።

መልስ 1፦
ሜትሩ የሚያሳይህ ፕሮሰሰሩ ከራሱ ጣሪያ ምን ያህል እንደራቀ ነው፤ አምፑን አያውቀውም። ጣሪያው +20 ዲቢዩ ከሆነ -10 ማለት +10 ዲቢዩ፣ ወደ 2.45 ቮልት ነው። አምፑ ግን 1.4 ቮልት ላይ፣ ማለትም በ+5 ዲቢዩ፣ ሙሉ ኃይሉን ጨርሷል። ሜትሩ -15 ሲል አምፑ ሞልቷል።

የአምፑን ቮልዩም 15 ዲቢ አውርደው፤ ሁለቱ አብረው ይሞላሉ። ከዚያ ለካው። ስፒከሩን ከአምፑ ንቀል፣ ሊሚተሩን (ድምፁ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚይዘውን) አጥፋ፣ የ60 ኸርዝ ሳይን (ባለ አንድ ድግግሞሽ መፈተኛ ድምፅ) ላክ (1 ኪሎኸርዝ ብትልክ ቤዝ፣ ሚድና ሃይን የሚለየው ክሮስኦቨር ይቆርጠዋል)፣ ክሊፑ ብልጭ እስኪል ቀስ እያልክ ጨምርና የአውትፑት ሜትሩን አንብብ። ሊሚተሩን ከዚያ 3 ዲቢ ዝቅ አድርገው፤ አምፕ ስፒከር ሲሸከም ቀደም ብሎ ይሞላልና።

መልስ 2፦
ስሌቱ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ቀርቷል። የቤዙን አምፕ ብቻ 15 ዲቢ ካወረድከው የሦስቱ ሚዛን ይፈርሳል። ክሮስኦቨሩ የተስተካከለው በዚያ ሚዛን ነው፤ ቤዙ የሳሳውም የአንዱን አውትፑት ብቻ ስለነካህ ነው። የሦስቱንም አምፖች በእኩል አውርድ፤ የቀነሰውን ድምፅ ከሚክሰሩ ታገኘዋለህ። ደግሞም ቮልዩሙን ማውረድ የአምፑን ኃይል አይቀንስም፣ ሙሉ ዋቱ እንዳለ ነው። ስፒከሩን የሚጠብቀው ሊሚተሩ ነው፤ ክሊፕ ላይ ብቻ ሳይሆን የስፒከሩን አቅም አይተህ አስተካክለው።

መልስ 3፦
ስለ ሚዱ፦ አውትፑት ሲወርድ የማይጠፋ መሻከር የተፈጠረው ከአውትፑት መቆጣጠሪያው በፊት ነው። የኢንፑት ሜትር ብዙ ጊዜ ከኢኪው (የተመረጡ ድግግሞሾችን ከሚጨምረው ወይም ከሚቀንሰው ክፍል) በፊት ያለውን ነው የሚያነበው። ኢንፑቱ -4 ላይ እያለ ኢኪው ላይ 6 ዲቢ የጨመርክበት ድግግሞሽ ካለ፣ ውስጥ ሲሰነጠቅ ሜትሩ ምንም አይልህም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የፕሮሰሰሩን ኢንፑት ጌይን 10 ዲቢ አውርድ፣ ሁሉንም አውትፑት 10 ዲቢ ጨምር። መሻከሩ ከጠፋ ጥፋቱ ውስጥ ነው፤ በኢኪው የጨመርከውን መልሰህ በዙሪያው ያለውን ቀንስ። ካልጠፋ ከሚክሰሩ ወይም ከኢንፑቱ መቀየሪያ (ሲግናሉን ወደ ዲጂታል ከሚቀይረው) ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚክሰሩን አውትፑት አውርድ።

ጠያቂ፦
ኢኪው ነበር፣ 2.5 ኪሎኸርዝ ላይ +8። ሊሚተሩን ሳስተካክል የሙዚቃውን ፒክ ልይ ወይስ አማካዩን?

መልስ 1፦
ለአምፑ ክሊፕ ፒኩን። የስፒከር ኮይል የሚቃጠለው ግን በአማካዩ ነው። ፕሮሰሰርህ ሁለት ሊሚተር ካለው ፈጣኑን ለፒክ፣ ቀርፋፋውን ለአማካይ ስጥ። ስፒከሩን መልሰህ ስትሰካ ሁሉም አውትፑት ሚዩት ላይ ይሁን፤ ከቤዙ ጀምረህ አንድ በአንድ ክፈት።