እግር ሳታዙት ሲንቀሳቀስ፦ መጀመሪያ ምን ላይ ብታወጡ ይሻላል?

ወገባቸውን የሚያማቸው ሰዎች «የእግሬ ጣቶች በራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ፣ ምን ልግዛ?» ይላሉ። የኔ ጥቆማ እቃ አይደለም፤ መጀመሪያ የነርቭ ሐኪም ነው። ከቀጠሮው በፊት ደግሞ ካልሲያችሁን አውልቁና እንቅስቃሴውን በስልክ ቅረጹት። ቁጭ ብላችሁም፣ ተኝታችሁም። ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ እግሩ ጸጥ ሊል ይችላል።

እንቅስቃሴው ዓይነት አለው። ጣቶቹ ቀስ እያሉ የሚታጠፉና የሚዘረጉ፣ እግሩም የሚያም ወይም የሚያቃጥል ከሆነ፣ ከአከርካሪ የሚወጣ ነርቭ ስሩ ላይ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ይህን እ.ኤ.አ. በ1971 ነው ለይተው የገለጹት። ውስጥ እግር በድንገት ወደ ላይ ሲገፋ ቁርጭምጭሚቱ በምት እየደጋገመ የሚዘል ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ክሎነስ ይባላል። ህብለ ሰረሰሩ ራሱ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ፣ አንገት ወይም ደረት አካባቢ ጫና ደርሶበት ሊሆን ይችላል።

ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያነሳው ምርመራ) ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው። ህብለ ሰረሰር የሚያልቀው አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ስለዚህ ክሎነስ ያለበት ሰው ወገቡን ብቻ ተነስቶ «ምንም የለህም» ቢባል፣ ችግሩ ያለበት ቦታ ገና አልታየም። የትኛው ክፍል እንደሚነሳ ሐኪሙ በእጁ መርምሮ ይወስን። ራጅ ርካሽ ነው፤ ግን አጥንት እንጂ ነርቭ አያሳይም። ኢኤምጂ፣ ማለትም የነርቭና የጡንቻን ኤሌክትሪክ የሚለካው ምርመራ፣ የሚጠቅመው ጉዳቱ ነርቭ ስሩ ላይ ይሁን ወይስ ታች እግር ውስጥ ለመለየት ነው።

ከእቃዎቹ ከልብ የምመክረው አንድ ነው፦ የእግራቸው ፊት ለሚወድቅባቸውና መሬት እየጎተቱ ለሚሄዱ ሰዎች የቁርጭምጭሚት ደጋፊ። መውደቅን ይከላከላል። የማሳጅ ማሽን ጡንቻ ያፍታታ ይሆናል፤ የተጫነ ነርቭ አያላቅቅም። የወገብ ቀበቶም እንደዚያው። ፊዚዮቴራፒ ጥሩ ነው፣ ግን ከምርመራ በኋላ። አንገት የሚያጣምም ወይም «ቋ» የሚያደርግ ሰው ጋ ግን፣ ህብለ ሰረሰር ላይ ጫና አለመኖሩ ሳይረጋገጥ፣ እባካችሁ አትሂዱ። ለሕመሙ ጋባፔንቲን ወይም ፕሪጋባሊን የሚታዘዝላቸው አሉ፤ አንዱን ይረዳል፣ ሌላውን አይረዳም። ከጎረቤት ተቀብላችሁ አትሞክሩት።

ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም ሁለቱም እግሮች በድንገት ከደከሙ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።