የዕቅድ ውይይት፦ ባክቴሪያ ውስጡን የሚከፍል ግድግዳ ሳይኖረው ዕቃውን የት ነው የሚያስቀምጠው? (ፕሮፖዛሉ ዓርብ ይገባል)

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት አመሻችሁ። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን የጀመርነውን እዚሁ እንጨርሰው። ርዕሱን ታውቁታላችሁ፣ ባክቴሪያ ኑክሊየስ የለው ሚቶኮንድሪያ የለው፣ ታዲያ ውስጡን በምን ያደራጃል፣ ኮንደንሴት የሚሏቸው፣ ሜምብሬን (ዙሪያውን የሚሸፍን ስስ ሽፋን) ሳይኖራቸው ፕሮቲንና አርኤንኤ የሚሰበሰብባቸው ጠብታዎችስ ምን ይሠራሉ ነው። አምና የላክነው «በጣም ሰፊ ነው» ተብሎ ተመለሰብን፣ እውነት ለመናገር ልክ ነበሩ፣ ያልጠቀጠቅንበት ነገር አልነበረም። ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ብቻ። ላይክ አድርጋችሁ አትለፉ፣ ጻፉ።

የማስተርስ ተማሪዋ፦
እኔ አንቲባዮቲኩን ይዘን እንሂድ ባይ ነኝ። ኢ ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሲራብ ኤቲፒው (የሴሉ የኃይል ምንዛሪ) ይወርድና ፕሮቲኖቹ ተሰብስበው ጉብ ጉብ ይላሉ፣ አግሪሶም ይሏቸዋል፣ ያኔ ሴሉ እንደተኛ ቁጠሩት፣ መድኃኒቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመታው የሚሠራውንና የሚያድገውን ስለሆነ የተኛውን ያልፈዋል፣ በኋላ ጉብታው ይሟሟና ሴሉ ነቅቶ እንደ አዲስ መራባት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሥራ ነው። ደሞ ካውሎባክተር የሚባል ሌላ ባክቴሪያ አለላችሁ፣ በ2018 እሱ ውስጥ አርኤንኤዝ ኢ የሚባለው ኢንዛይም ከኤምአርኤንኤ (የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ ተሸካሚው) ጋር ጠብታ ሠርቶ ኤምአርኤንኤው እዚያው እንደሚቆራረጥ ታይቷል። ካውሎባክተር ጨው የሌለው ውሃ የሚወድ ነው፣ ሐይቁ ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው፣ ምን ትላላችሁ???

የሃይስኩል መምህሩ፦
ይቅርታ ላቋርጣችሁ። አንዱ ተማሪዬ «ቲቸር ጠብታው ግድግዳ ከሌለው ለምን አይበተንም» ቢለኝ ምን ልበለው? እስከ ዛሬ «ባክቴሪያ ኦርጋኔል የለውም» ብዬ ዘግቼ ነው የማልፈው።

የማስተርስ ተማሪዋ፦
ገበያ አስብ። በርበሬ ተራ አጥር አለው? የለውም። ግን በርበሬ ፈላጊ እዚያ ነው የሚሄደው፣ ሻጩም እዚያ ነው የሚቀመጠው፣ ገቢና ወጪው አያቋርጥም ተራው ግን ተራ ነው። ጠብታነቱን ለማሳየት ደሞ ዶሮ ወጥ ላይ የተንሳፈፈውን ቅቤ አሳያቸው፣ ሁለት ክብ ሲነካኩ አንድ ይሆናሉ፣ ወጡ ሲቀዘቅዝ ደሞ ይረጋሉ። አንዳንዱ ኮንደንሴትም እንደዛው ፈሳሽ የነበረው እየቆየ ይጠጥራል።

ጋሼ (የቀድሞ ሰብሳቢያችን)፦
ልጄ በርበሬ ተራዋን ወድጃታለሁ፣ ቅቤው ላይ ግን ጠንቀቅ በይ። ቅቤ የሚለየው ከውሃ ጋር ስለማይስማማ ነው። ኮንደንሴት ግን ውስጡም ብዙ ውሃ ነው፣ አንድ ላይ የሚይዘው ፕሮቲኑና አርኤንኤው ብዙ እጅ ስላላቸው ነው፣ እያንዳንዱ መያያዣ ደካማ ነው፣ ይይዛል ይለቃል፣ ሲደመር ግን ይሰበስባል። ልጆቹ «ባክቴሪያ ውስጥ ዘይት አለ» ብለው እንዳይወጡ። ነገሩ የተጀመረውም በ2009 በትል ፅንስ ላይ ነው፣ ፒ ግራኑል የሚባሉት ሲዋሃዱና እንደ ፈሳሽ ሲፈሱ የታየ ጊዜ። የትሉ ሴል ትልቅ ነው፣ በግልጽ ይታያል። ባክቴሪያ ላይ ግን መከራ ነው።

የላብ ቴክኒሻኑ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ እኔም ልገባበት የነበረው እዚህ ላይ ነው። እህቴ ሐሳብሽ ያምራል ግን በምንድነው የምናየው? የኛ ማይክሮስኮፕ ዘይት አድርገን 1000 እጥፍ ነው፣ ተራ ብርሃን ደግሞ ከ200 ናኖሜትር ገደማ ባነሰ ርቀት ያሉ ሁለት ነገሮችን ለይቶ አያሳይም፣ ኢ ኮላይ ራሱ ወርዱ 1 ማይክሮሜትር (1000 ናኖሜትር) አካባቢ ነው፣ እዚያ ውስጥ ያለች ጠብታ ብትታይም እንደ ነጥብ ነች፣ ክብ ትሁን ትዋሃድ አታውቂም። ፈሳሽ ነው ለማለት ፕሮቲኑን በሚያበራ ምልክት አድርገሽ ከፊሉን በሌዘር አጥፍተሽ ብርሃኑ ሲመለስ መለካት አለብሽ፣ ይሄ እኛ ጋ የለም፣ ትናንት እንኳ ስላይድ ላይ እያለሁ መብራት ሄዶብኝ ጄነሬተሩ እስኪነሳ ሻይ ጠጥቼ መጣሁ። ስለዚህ ባለን ነገር የሚታየውን እንያዝ። እርጎ!! አትሳቁ። የእርጎ እርሾ ውስጥ ያለው ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስ በሜትሊን ብሉ ሲቀባ ውስጡ ጠቆር ያሉ ነጥቦች ያሳያል፣ ቮሉቲን ይባላሉ፣ የፖሊፎስፌት ክምችት ናቸው፣ ፎስፌት በሰንሰለት ተያይዞ የተቀመጠ ማለት ነው። እኛ ላብ ውስጥ ያደግን ሰዎች አልበርት ስቴይን በሚባለው ቀለም የምናውቃቸው ናቸው፣ ሴሉ አረንጓዴ ነጥቡ ጥቁር ሰማያዊ። ለዲፍቴሪያ ምርመራ ስንቀባው ኖረን ስሙን ሳናውቅለት ማለት ነው። ቀለሙ አለን፣ ስላይዱ አለን፣ እርጎ ደሞ ሱቅ አለ።

የማስተርስ ተማሪዋ፦
ኧረ ጎበዝ! ግን ፖሊፎስፌት ኮንደንሴት ነው? ሄክሳንዲዮል የሚባለውን ኬሚካል ጨምረን ቢሟሟ ፈሳሽ ነው እንላለን?

ጋሼ፦
አንልም። ሄክሳንዲዮል ሴሉንም ሜምብሬኑንም ይነካል፣ ሟሟ ማለት ማስረጃ አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ተሰናክሏል። እኛ «ሜምብሬን የሌለው ክምችት፣ በአሁኑ ጊዜ ከኮንደንሴቶች ጋር አብሮ የሚጠና» ብለን እንጻፍ፣ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አንጨምር። የምንጠይቀው ደግሞ ሌላ ነው፣ ሲራብ ቁጥሩ ይለወጣል ወይ? ፕሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የሚባለው ባክቴሪያ ናይትሮጅን ሲያጣ እነዚህን ነጥቦች ሠርቶ በሴሉ ርዝመት ላይ አራርቆ እንደሚያስቀምጥ በ2017 ታይቷል። ዝም ብሎ የተበተነ ነገር እንደዛ አይቀመጥም። እሱን ግን እኛ አንነካም፣ በሽታ አምጪ ነው፣ ልጆች አሉ።

የሃይስኩል መምህሩ፦
በቃ ገባኝ። አዲስ የረጋ እርጎና አራት ቀን የቆየ (እንደተራበ የምንቆጥረው)፣ ሁለቱን ቀብተን ነጥብ ያለውን ሴል ከመቶ ስንት እንደሆነ እንቆጥራለን። የኔ ክበብ ልጆች ይቁጠሩ ግን የትኛው ስላይድ የትኛው እንደሆነ አይነገራቸው፣ ካወቁማ የሚፈልጉትን ነው የሚያዩት፣ እኔ ራሴ እንደዛ ነኝ።

የላብ ቴክኒሻኑ፦
ጥሩ ብለሃል፣ ቁጥር ብቻ ይጻፍበት፣ ቁልፉ እኔ ጋ። የቤት እርጎም ይጨመር፣ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ስላለበት ቡልጋሪከስ ላይኖርበት ይችላል፣ ስለዚህ ዋናው የሱቁ ነው የቤቱ ለማነጻጸር። የዳቦ እርሾም አንድ ስላይድ እናድርግ፣ እሱም ቮሉቲን አለው፣ ቀለሙ መሥራቱን ያሳየናል።

ጸሐፊዋ፦
እሺ ይሄን ይዤ ነው የምጽፈው። ካውሎባክተርና አግሪሶሙ መግቢያው ላይ ሁለት አንቀጽ ያገኛሉ እንጂ ሥራው ውስጥ አይገቡም፣ አትቀየሚኝ። ጋሼ መግቢያውን እርሶ ያዩልኛል። በጀቱ ቀለም፣ ኢመርሽን ኦይል፣ የልጆቹ የባጃጅ፣ አለቀ። እርጎ ማን ያመጣል?

የማስተርስ ተማሪዋ፦
አልተቀየምኩም ትንሽ ብቻ 😅 እርጎውን እኔ። የቤቱን እናቴ ሐሙስ ታረጋለች፣ ከአራት ቀን በፊት የረጋውን ግን ማንም እንዳይበላብኝ ማድጋው ላይ እጽፍበታለሁ።

የላብ ቴክኒሻኑ፦
የሱቁን ስኳርና ፍራፍሬ የሌለበትን ግዢ። አምና እንጆሪ ያለበት መጥቶ ስላይዱ ላይ ከባክቴሪያው ይልቅ የፍሬ ሥጋ ነበር የቆጠርነው።