አንኮርን በቡድን ጉብኝት፦ ሦስት ቀን ይበቃል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአንኮርን ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች ለማየት ካምቦዲያ፣ ሲየም ሪፕ ከተማ ላይ ከአስጎብኚ ጋር የ3 ቀን ጉዞ ልንይዝ ነው፤ 12 ሰዎች ነን። ከመክፈላችን በፊት ምን እናጣራ?

መልስ 1፦ መጀመሪያ የመግቢያ ትኬቱ በዋጋው ውስጥ መኖሩን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው። የ1 ቀን 37፣ የ3 ቀን 62 ዶላር ነው። የ3 ቀኑ በ10 ቀን ውስጥ ስለሚሠራ በመሐል ማረፍ ይቻላል። ፎቷችሁ ስለሚታተምበት ለሌላ ሰው አይተላለፍም።

መልስ 2፦ ልብስ ላይ አትዘናጉ። ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ ወደ ዋናው ቤተ መቅደስ፣ ወደ አንኮር ዋት፣ ላይኛው ፎቅ አያስወጡም፤ ነጠላ ጣል ማድረግም አያዋጣም፣ እጅጌ ያለው ልብስ ይሁን። ፎቁ በቡድሃ በዓላት ቀን ስለሚዘጋ ቀኑን አስቀድማችሁ አጣሩ።

መልስ 3፦ እኔን የሚያንገበግበኝ የአንኮር ዋት የግድግዳ ቅርጽ ነው። ቡድኖች ፀሐይ ስትወጣ አይተው ለቁርስ ይሮጣሉ። በምሥራቁ አዳራሽ፣ በደቡብ በኩል፣ በሂንዱ አፈ ታሪክ የወተት ባሕር ሲናጥ የሚያሳየው ቅርጽ ወደ 49 ሜትር ይረዝማል፦ አማልክትና አጋንንት ግዙፉን እባብ እንደ ገመድ በሁለት ወገን ይጎትታሉ፣ አምላኩ ቪሽኑ መሐል ቆሟል። ጠጋ ብላችሁ ከላይ ያሉትን ትንንሽ ጨፋሪዎችና ከታች የተቆራረጡትን ዓሦች ተመልከቱ። ለዚህ ብቻ ግማሽ ሰዓት በፕሮግራሙ ላይ አስጽፉ። ባንቴይ ስሬይ የሚባለው ቤተ መቅደስ ራቅ ስለሚል ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ከባዮን ቤተ መቅደስ ጋር በአንድ ጠዋት ካጨቁት አትቀበሉ።