ሦስተኛው አንቀጽ፦ በተግባር መማርና የልጆች ጽናት

ሰብሳቢ፣ ደብረ ማርቆስ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ለትምህርት መምሪያው ከምናቀርበው የጋራ ዕቅድ ውስጥ አንቀጽ 1 እና 2 ባለፈው ስለጸደቁ ዛሬ የምንነጋገረው በሦስተኛው ላይ ብቻ ነው። አንቀጹ «በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተግባር ትምህርትን በማጠናከር የተማሪዎችን ሥነ ልቦናዊ ጽናት መገንባት» ይላል። ቃሉ ያማረ ቢሆንም፣ አንድ መምህር ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቶ ምን እንደሚሠራ ከዚህ ዐረፍተ ነገር ሊረዳ አይችልም። በጀቱም በሙሉ ለሳይንስ ዕቃዎች መግዣ ተይዟል። ሐሳባችሁን በጽሑፍ አቅርቡ።

የ6ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

በዕቃ ግዥው አልስማማም፤ ምክንያቴንም በራሴ ጥፋት ባስረዳ ይሻለኛል። ባለፈው ዓመት ከትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላችን አንድ ቴርሞሜትር፣ ከቤቴ ደግሞ የከሰል ምድጃና ድስት አምጥቼ፣ ተማሪዎቹ ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ በየተራ አንብበው እንዲጽፉ አድርጌ ነበር። አንዲት ተማሪ 92 ብላ ጻፈች። እኔም ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን 100 እያሳየሁ «በደንብ አላየሽም» አልኳት። 92ን ሰርዛ 100 አደረገችው፤ መሰረዣው መስመር ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረውም።

ማታ ነገሩን ሳስበው ደነገጥኩ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ቦታው ከፍ ሲል የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃው ቀድሞ ይፈላል፣ እዚህም የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 100 በባሕር ጠለል ላይ የሚገኝ ቁጥር ነው። በማግስቱ በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋትና ሦስት ጊዜ እንደገና ለካን። አንዱ ቡድን የቴርሞሜትሩን ጫፍ የድስቱን ሥር ስላስነካው ከፍ ያለ ቁጥር አገኘ፤ ሌላው ውሃው በወጉ ሳይንተከተክ ስላነበበ ዝቅ ያለ። ሁለቱም የት እንደተሳሳቱ ራሳቸው ተከራክረው ደረሱበት፤ ከዚያ በኋላ «አልቻልኩም» ብሎ የሚቀመጥ ልጅ በክፍሌ በግልጽ ቀንሷል።

እንግዲህ ያን ሁሉ የሠራው ቴርሞሜትሩ ነው ወይስ ማግስቱ? አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ሲሆን ከሰሉ እስኪቀጣጠል ግማሹ ያልቃል። ልጁ ሞክሮ ሲሳሳት ደወል ይደወላል፤ ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ርእስ የሚመለስ የለም። ዕቅዳችን እንዲጠይቅ የምፈልገው በሳምንት አንድ ጥምር ክፍለ ጊዜና የተበላሸው ሥራ የሚደገምበት ሌላ ቀን ነው።

ርእሰ መምህር፣ ፍኖተ ሰላም

መምህር ያሉት ልብ የሚነካ ቢሆንም የቢሮውን ወገን ላስታውስ። ትምህርቱ በየጊዜው ሲቋረጥ ከርሞ፣ ያለፈውን ለማካካስ በምንሯሯጥበት በዚህ ወቅት አንድን ሙከራ ሁለትና ሦስት ጊዜ ድገሙ ብንል፣ ሱፐርቫይዘሩ መጀመሪያ የሚጠይቀን ዓመታዊ ዕቅዱ የት እንደደረሰ ነው። ደረጃው በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ቢልም ከዚያ በላይ የምናስተምር ብዙ ነን። በአንድ ምድጃ ዙሪያ ያን ሁሉ ልጅ ማሰለፍ የተግባር ትምህርት ሳይሆን ትርኢት ነው። «ጽናት» የሚለውስ በተከታታይ ምዘና ስንት ነጥብ ይያዝለታል?

የ2ኛ ክፍል መምህርት፣ እንጅባራ

ነጥብ ባይያዝለት እመርጣለሁ፤ ነጥብ የተያዘለት ቀን ልጆቹ የጸኑ መስለው መታየትን ይማራሉ። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቃሉን የምንጠቀምበት መንገድ ነው። ቁርስ ሳይቀምስ የመጣን ልጅ «ቻል አድርገው» ማለት ጽናትን ማስተማር አይደለም፤ የአዋቂውን ኃላፊነት ለሕፃኑ ማሸከም ነው፤ አንቀጹም ይህን በግልጽ ቢለይ እወዳለሁ።

በሃዋይ፣ ካዋይ በምትባል ደሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ተመራማሪዎች እስከ ጉልምስናቸው ድረስ ተከታትለው ነበር። በድህነትና በቤተሰብ ችግር ውስጥ ካደጉት ሦስት እጅ አንዱ ያህል ደህና ሰው ሆኖ ወጥቷል፤ ከረዷቸው ነገሮች መካከል ደጋግሞ የተጠቀሰው ቢያንስ አንድ የማይለያቸው፣ የሚያምናቸው አዋቂ መኖሩ ነው። እኛ ጋ ከወላጅና ከዘመድ ቀጥሎ ይህ አዋቂ ሊሆን የሚችለው መምህሩ ነው። የእኔ ልጆች ባቄላ በጣሳ ዘርተው ውሃ አብዝተው አበሰበሱት፤ ሲደግሙት አብሬያቸው ተቀመጥኩ፣ ያደረግሁትም ይኸው ብቻ ነበር። የርእሰ መምህርን የብዛት ጥያቄ ግን አከብራለሁ፤ አምስት አምስት ሆነው በጣሳ የሚሠሩት ነገር በአንድ ምድጃ ዙሪያ ከመሰለፍ ይሻላል።

የወላጆች ተወካይ፣ ደብረ ማርቆስ

መምህራኖቻችን፣ እኔ እናት ነኝ፣ የምፈራው እሳቱን ነው። የፈላ ውሃ ያለበት ድስት በሰው በተጣበበ ክፍል ውስጥ ቢደፋ የሚጎዳው ልጅ ነው፤ ስለዚህ ምድጃው ውጭ፣ መሬት ላይ ይቀመጥ፣ አንድ ወላጅም ይገኝ። መምጣቱን እኛ በተራ እንይዘዋለን። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ ቆላ ያደገችው እኅቴ እዚህ ስትመጣ «የናንተ ንፍሮ ምን ሆኖ ነው የማይበስለው» ትለን ነበር። ለካ ውሃችን በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ኖሯል። ልጆቹ ይህን እቤት መጥተው ቢጠይቁን እኛም የምንመልሰው አለን።

የአማርኛ መምህር፣ ሞጣ

መደጋገም ጊዜ ያባክናል ለሚለው ጎጃም የቆየ መልስ አለው። እንደ ዋሸራና ጎንጅ ባሉት የቅኔ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ቀኑን ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲደርስ፣ ይውልና ለየኔታ ይነግራል፤ እሳቸው ያርሙታል፤ ቤት ያልመታው ወይም ምሥጢሩ የላላው ቅኔ ይወድቃል፣ ተማሪው ግን በማግስቱ አዲስ ይቆጥራል። በዚያ ጉባኤ ቅኔው ወደቀ ተብሎ ከትምህርቱ የሚቀር የለም። (ለምን ዕለታዊ ልምዳችን በዘመናዊው ክፍል በር ላይ እንደሚቀር ሁልጊዜ ይገርመኛል።) የርእሰ መምህርን ሥጋት ለማቃለል፣ የሚደገመው ሥራ ተጨማሪ ርእስ ሳይሆን ከዓመታዊ ዕቅዱ ውስጥ የተመረጠ ርእስ ይሁን፤ በየመንፈቁ ሁለት ቢበቃስ?

ርእሰ መምህር፣ ፍኖተ ሰላም

በየመንፈቁ ሁለት ከሆነና ርእሱ ከዕቅዱ ከተወሰደ እኔም እስማማለሁ። እንዲያውም ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የእኛ ውሃ በ94 አካባቢ መፍላት አለበት። ልጆቻችን ውጤታቸውን ለደብረ ማርቆስ ልጆች በደብዳቤ ይላኩ፤ የሁለት ዲግሪ ልዩነት በተራ ቴርሞሜትር ይታይ እንደሆነ እነሱው ይከራከሩበት።

ሰብሳቢ፣ ደብረ ማርቆስ

አንቀጹ እንዲህ ተሻሽሎ ይቀርባል፦ «ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል፣ በየመንፈቅ ዓመቱ ከዓመታዊ ዕቅዱ በተመረጡ ሁለት ርእሶች፣ ተማሪዎች በአምስት አምስት ቡድን ሆነው የተግባር ሥራ በጥምር ክፍለ ጊዜ ይሠራሉ፤ ያልተሳካው ሥራ በሚቀጥለው ሳምንት ይደገማል፤ የመጀመሪያው ውጤት ከደብተር አይሰረዝም፣ ነጥብም አይቀነስበትም። እሳት የሚፈልግ ሥራ ከክፍል ውጭ፣ ወላጅ በተገኘበት ይከናወናል። የምግብና የጤና ችግር ያለበት ተማሪ ጉዳይ በዚህ አንቀጽ ሳይሆን በወላጅ መምህር ኅብረቱ በኩል ይታያል።» ከዕቃ ግዥው ለየትምህርት ቤቱ ሁለት ቴርሞሜትር ብቻ ተይዞ፣ ቀሪው ለመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲዛወር ሐሳብ ቀርቧል። የእንጅባራዋ መምህርት የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ርእሶችን፣ የደብረ ማርቆሱ መምህር የ5ኛና የ6ኛን እስከ ዓርብ ይላኩልን፤ የ3ኛና የ4ኛን ክፍል የሚይዝ አባል ገና አልተገኘም።