ለለቅሶ ቤት የሚሆን የጾም ጣፋጭ ጠቁሙኝ

ባሕር ዳር ያላችሁ እህቶቼ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ሽምብጥ የምትኖር ጓደኛዬ እናቷን ቀብራለች። ነገ ሠልስት ነው። ንፍሮውንም እንጀራውንም እድርተኛው ችሏል። እኔ ግን እሷ ራሷ የምትቀምሰው ለስለስ ያለ ጣፋጭ ነገር ልወስድላት ፈለግሁ። ከቀብሩ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም፤ አንጀቴን በላችው።

ችግሩ ፍልሰታ ነው፤ እስከ ነሐሴ 15 እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የለም። ስለዚህ የኬክ ቤቱ ኬክ ቀረ። ደግሞም ክሬም የተቀባ ኬክ ድንኳን ውስጥ ይዞ መግባት የድግስ ይመስላል፤ አዛውንቶቹን ማስቀየም አልፈልግም። ቴምር አሰብኩ፣ ላልቀመሰ ጉሮሮ ደረቅ ነው። በዘይት የተጋገረ፣ ስኳር ጣል ያለበት ድፎ ዳቦ ይሻላል? ወይስ ማንጎና ፓፓያ ልቆራርጥላት? ጾሟን የምትፈታው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። የሞከራችሁት ካለ ከነአሠራሩ እስከ ማታ ጻፉልኝ።